አንድ ሰው ይበቃል

ሀይሚ ጉግሳ የምትሠራው ከቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት በሚበልጥበት ሕንጻ ላይ ነበር። ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ድረ ገጽ ይሠራል። ዘመኑ ግን ትልቅ ነበር። የቦሌ መንገድ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ፣ ሰው አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ በጣውላ ላይ እየተሻገረ «ሲያልቅ ያምራል» ይባባል ነበር። ትናንት ጎመን የሚለቀምበት ጓሮ ዛሬ መስታወት በመስታወት ይሆናል። ኢንሹራንሱም፣ ክሊኒኩም፣ ኮሌጁም፣ መሠረቱ ገና ያልወጣ ቪላ የሚሸጠው ሪል ስቴትም፣ ሁሉንም ድረ ገጽ አማራቸው።

ድረ ገጽ ካለ ደግሞ ፎርም አለ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቀን። ሰው ስልክ ቁጥር በሚሞላበት ቦታ ስሙን ቢጽፍ፣ ወይም ባዶ ትቶ ሊያልፍ ቢል፣ ወዲያው ስህተቱን ነግሮ የሚመልሰውን ኮድ የምትጽፈው ሀይሚ ናት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ቫሊዴሽን» ይሉታል። አጠገቧ የምትቀመጠው ሸሪፋም ሥራዋ ያው ነው። ሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱን ፎርም ሲጨርሱ ሌላውን ይጀምራሉ።

አሰልቺ ነው የሚሉት ሌሎች እንጂ ሀይሚ ሥራዋን ትወደው ነበር። አለቃቸው አቶ ተስፋጽዮን «ስህተት» ተብሎ በቀይ ቢጻፍ ይበቃል ሲሉ፣ እሷ «እባክዎ የአባትዎን ስም ይሙሉ» ብላ ትጽፋለች። አባቷ አቶ ጉግሳ ሾላ ገበያ ውስጥ ሳፋና ባልዲ፣ ጀሪካንና ድስት ይሸጣሉ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው ሰው እሷ ብቻ ናት። ሥራዋ ምን እንደሆነ ለሚጠይቃቸው ደንበኛ ሁሉ «ኮምፒውተር በር ላይ ጥበቃ ናት፤ የተሳሳተ አታስገባም» ይላሉ። ሀይሚ ትስቃለች እንጂ አታርማቸውም ነበር። ከእሳቸው አሻሽሎ ያስረዳ ሰው አላገኘችም።

ሁንዴ ከእሷ በኋላ የተቀጠረ፣ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ተወልዶ ያደገው ጎሮ ነው። አባቱ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ ባለ ቀይ ጣሪያ ቪላዎች ተሰልፈውበታል፤ አባትየው መሬቱ ከሄደ በኋላ ብዙም አልቆዩም። እናቱ ወይዘሮ ደሪቱ በተረፈቻቸው ጓሮ ላም ያልባሉ። ሁንዴ ዝምተኛ ነው፤ ሥራ ላይ ካቀረቀረ ስሙን ቢጠሩት አይሰማም። አንድ ነገር ግን አይችልም፤ መዋሸት።

ሀይሚ ይህን ያወቀችው አንድ ክሊኒክ አቤቱታ ባሰማ ጊዜ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት «የአያት ስም ግዴታ አይሁን» ብለው ሁንዴን አዘውት ነበር። እሱም በጃቫ፣ ማለትም መረጃው በሚቀመጥበት በሰርቨሩ በኩል፣ ሕጉን ቀየረ። ያው ሕግ ግን ሕመምተኛው በሚያየው ገጽ ላይ በሌላ ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ በሀይሚ እጅ ተጽፏል። ሁንዴ ሊነግራት ረሳ። ገጹም ሰውን ሁሉ «የአያትዎን ስም ይሙሉ» እያለ ሲመልስ ሰነበተ። አቶ ተስፋጽዮን ሀይሚን በሰው ፊት ጮኹባት።

ሁንዴ ከወንበሩ ተነሣ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። አልነገርኳትም» አለ።

ደረጃው ላይ ተከትሏት ወረደ። «ይቅርታ» አለ፤ ቀጥሎም እንደማሰብ ብሎ «ግን እኮ ሥራው ራሱ ልክ አይደለም። አንዱን ሕግ እኔ እዚያ እጽፈዋለሁ፣ አንቺ እዚህ ትጽፊዋለሽ። አንዴ ብቻ ቢጻፍስ?»

«እንዴት አድርጎ?»

«ጃቫ ላይ አኖቴሽን የሚባል አለ። ከሚሞላው ነገር ስም በላይ ‹@› አድርገሽ አጭር ማሳሰቢያ ትጽፊያለሽ። ‹ይህ ባዶ አይሁን›፣ ‹ይህ ከዚህ አይርዘም› ብለሽ። ያንን የሚያነብና ያንቺን ኮድ በራሱ የሚጽፍ ፕሮግራም ልሠራ እችላለሁ። እኔ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ገጹ በራሱ ይሞላል።» ከዚያም «አንቺም በጊዜ ቤትሽ ትገቢያለሽ» አላት።

ሰው ስለ መግቢያ ሰዓቷ ተጨንቆላት አያውቅም ነበር። የመጨረሻዋ ቃል ናት የያዘቻት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቢሮው ባዶ ሲሆን፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁንዴ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ ሀይሚ ሕጎቹን ትነግረዋለች። «ወር አሥራ ሁለት ብቻ አይደለም፤ ጳጉሜን የተወለደ ሰው እንዳትመልስብኝ።» «‹ወልደ ሚካኤል› ብሎ የማይጨርስ አለ፤ ወ፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ ሚካኤል። ጭረቷን ካልፈቀድክ ግማሹን አዲስ አበባ በር ላይ ታስቀረዋለህ።» ኮዱ የሚጻፍበትን አብነት ሲፈልግም ከእሷ ፋይሎች ወሰደ። «ያንቺ አጻጻፍ ንጹሕ ነው፤ ማሽኑ እንዳንቺ እንዲጽፍ ነው የምፈልገው» አላት። ሲጨርሱ ወርደው ጁስ ቤት ገብተው ስፕሪስ ይጠጣሉ። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፤ እሱ ሳያማስል በማንኪያ ንብርብሩን ሲበላ እሷ ታየዋለች። ወደ መገናኛ የሚሄደው ታክሲ እስኪሞላ ድረስ በመስኮት በኩል ቆሞ ያወራታል፤ ረዳቱ «ወንድም፣ ወይ ግባ ወይ ልቀቃት» እስኪለው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሽማግሌ ወደ አቶ ጉግሳ ቤት ሄደ። አቶ ጉግሳ እንደ ወጉ ጥቂት አንገራገሩና ፈቀዱ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ወይዘሮ ደሪቱ ሀይሚን መጀመሪያ ያዩዋት ቀን ጉንጯን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» ብለው ሲስሟት፣ እናቷ ከሞተች ወዲያ ያልነካት ሙቀት ነካትና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ፕሮግራሙ የሠራው በጾሙ መሀል ነበር። ሁንዴ ከ«ስልክ» በላይ አንድ መስመር ጻፈ፣ አንድ ቁልፍ ተጫነ፤ ሀይሚ ቀኑን ሙሉ የምትደክምበት ፋይል ዓይን ሳይከደን ስክሪኑ ላይ ተዘረጋ። ሀይሚ እጇን አጨበጨበች። ከዚያ ቀረብ ብላ አነበበችው። የእሷ ነበር። የእሷ አከፋፈል፣ የእሷ ስያሜ፣ «እባክዎ»ዋ ሳትቀር። ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሳ እንደገና ማንበብ ጀመረች፤ ሁንዴ ግን ዞሮ እንደ ሕፃን ሲስቅላት እሷም ሳቀች። ያን ቀን ከልቧ ነበር የሳቀችው። ኋላ ይህን ለራሷ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

አቶ ተስፋጽዮን ነገሩን ሲሰሙ አንድ ትልቅ ደንበኛ ባለበት እንዲቀርብ አዘዙ። በስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ሁንዴ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆመ። ሀይሚ ምናልባት የሚጠየቅ ነገር ቢኖር ብላ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠች። ሁንዴ በሰው ፊት መናገር የማይሆንለት ሰው ቢሆንም ያን ቀን ምላሱ ተፈታ። አንድ መስመር ይጽፋል፣ ይጫናል፣ ፎርሙ ይሠራል። ሕጉን ይቀይራል፣ ይጫናል፣ ሁለቱም ወገን አብሮ ይቀየራል። ደንበኛው ወደ ፊት ዘመም ብለው ያዩ ጀመር።

«እስቲ ንገረኝ» አሉ አቶ ተስፋጽዮን። «ይህን ሥራ አሁን ስንት ሰው ነው የሚሠራው?»

«ሦስት ነን። እኔ በሰርቨር በኩል፣ ሁለቱ ልጆች ደግሞ በገጹ በኩል።»

«ከአሁን በኋላስ?»

ፊቱ በራ። ሀይሚ ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ጁስ ቤት ለእሷ ብቻ የሚበራ ይመስላት ነበር።

«አንድ ሰው ይበቃል» አለ ሁንዴ። «እሱም በትርፍ ጊዜው።»

ደንበኛው ሳቁ። አቶ ተስፋጽዮን ብዕራቸውን አንሥተው አንድ ነገር ጻፉ። ሀይሚ ሁንዴን አየችው፤ አሁን ያየኛል፣ አሁን የተናገረውን ይሰማዋል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ወደ ስክሪኑ ዞሮ የሚቀጥለውን ምሳሌ ከፍቶ ነበር። ያለው ደግሞ ውሸት አልነበረም። በእርግጥ አንድ ሰው ይበቃል፤ እሷም ታውቀዋለች።

ምሳ ላይ ሁንዴ ሽሮውን እያቀዘቀዘ ስለ ደንበኛው ሲያወራ ቆየ። ሀይሚ «ጥሩ አቀረብክ» አለችው። እንዲደርስበት ፈለገች፤ እሷ ሳትነግረው፣ በራሱ። በማግስቱም ጠበቀች፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ጠበቀች። እሱ ስለ ሠርግ አዳራሽ ያወራል፣ ስለ አዲሱ የፕሮግራሙ ቅጂ ያወራል። ወዲያው የገባት ሸሪፋ ናት። «ሀይሚዬ፣ ስለ እኛ እኮ ነው ያወሩት» አለቻት ሻንጣዋን እየዘጋች። «አንቺስ ባልሽ ነው፣ ይናገርልሻል። እኔ ሌላ ቦታ ማመልከት ጀምሬያለሁ።»

አቶ ተስፋጽዮን ሁለቱን ተራ በተራ ጠሯቸው። ሀይሚን ሲያሰናብቷት ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ድርጅቱ አቅጣጫ መቀየሩን፣ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፉላት፣ ደግሞም ከቤቷ አንድ ሰው እዚሁ መቅረቱ እንደሚያጽናናት ተናገሩ። ሀይሚ አመስግና ወጣች። ማመስገኗ ኋላ አናደዳት፤ ሌላ ምን እንደሚባል ግን አላወቀችም።

ሁንዴ የሰማው ከሸሪፋ ነው። ሸሪፋ ኩባያዋን በጋዜጣ ስትጠቀልል አይቶ «ወዴት ነው?» ቢላት ነገረችው። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ አሉ። በሩን ሳያንኳኳ አለቃው ዘንድ ገባ፤ ድምፁ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። አቶ ተስፋጽዮን የመለሱለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ?»

ጁስ ቤት ሲመጣ ሀይሚ ቀድማው ተቀምጣ ነበር። ያዘዙትን ሁለቱም አልነኩትም።

«ሥራዬን እለቃለሁ» አለ። «ነገ ደብዳቤ አስገባለሁ።»

«አትልቀቅ። እናትህን ማን ያያል? ደግሞ አንተ ብትለቅ እኔ አልመለስም። ፕሮግራሙ እዚያው ነው።»

«አጠፋዋለሁ።»

«አታጠፋውም» አለች ሀይሚ፤ ፈገግ ልትል ሞክራ ነበር። «ታውቃለህ፣ አታጠፋውም። ቆንጆ ሥራ ነው። እኔም አብሬህ ሠርቼዋለሁ።»

ራሱን በእጁ ይዞ አቀረቀረ። ሀይሚ ፀጉሩን አየችው፤ እጇን ልትሰድ ብላ ተወችው።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ‹አንድ ሰው ይበቃል› ስትል፣ በዚያች ሰዓት፣ እኔ ትዝ ብዬህ ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን «እንዴት ትዝ አትዪኝም» ይል ነበር። «ሥራ ቀይረው ያስቀምጡሻል ብዬ ነው» የሚልም አይጠፋም። ሀይሚ ለሁለቱም ዝግጁ ነበረች፤ ከሁለቱ አንዱን ቢላት አምና ልትቀበለው ልቧ ተከፍቶ ነበር። ሁንዴ ግን ያስብ ነበር፤ እንደ ልማዱ እውነቱን ይፈልግ ነበር።

«ትዝ አላልሽኝም» አለ በመጨረሻ። «ስለ ኮዱ ነበር የማስበው። በሩ አጠገብ መቀመጥሽን እንኳ… አላስታወስኩም።»

«እሺ» አለች ሀይሚ።

የዚያን ዕለት ወደ መገናኛ የሚሄደው ታክሲ ውስጥ ስትገባ እሱ በመስኮቱ በኩል አልቆመም። እንዳይከተላት ለምናው ነበር።

ቀለበቱን በሸሪፋ እጅ ላከችለት። ነገሩ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው አቶ ጉግሳ ቤት ተሰበሰቡ፤ ያጫጩትን ማስታረቅም የእነሱ ነው። ሁንዴ በሩ ሥር ቆሞ፣ ሀይሚ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ፣ የሁሉ ታላቅ የሆኑት ጋሽ ዓምደሚካኤል ጠየቁ።

«ልጄ፣ መታሽ ወይ?»

«ኧረ አልመታኝም።»

«ሰደበሽ? ቤተሰብሽን ነካ?»

«አልሰደበኝም።»

«ሌላ ሴት አለችው?»

«የለችውም።»

«ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?»

ሀይሚ አፏን ከፈተች። ስለ አኖቴሽኑ፣ ስለ ስብሰባው፣ በሩ አጠገብ ስላለው ወንበር ልትናገር አሰበች። ቃላቱ አፏ ውስጥ እያሉ ትንሽ ሆኑባት። ሥራ የማጣት ነገር ከሆነ፣ ሰው ሥራ ያጣል፣ ሌላ ያገኛል፤ እሷም ስለ ሥራው ብቻ አልነበረም የምታለቅሰው። ያን ሁሉ ቅዳሜ የምታውቀውን ሁሉ ሳትሰስት ሰጠችው፤ ተቀብሎ ጨረሰና እሷን ረሳት። ይህን ምን ብለው ይጠሩታል?

«ጥፋት የለበትም፣ ጋሼ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከበሩ ሥር ሁንዴ «አለብኝ» አለ፤ ድምፁ ተቆረጠ። «አለብኝ። ይቅር በይኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ሀይሚ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይቅር ብዬሃለሁ። ማግባት ግን አልችልም። ባየሁህ ቁጥር እኔን ሳታየኝ ነው የምትታየኝ።»

 ጋሽ ዓምደሚካኤል ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። አቶ ጉግሳ እስከ ውጭ በር ሸኟቸው፤ ሲመለሱ ልጃቸውን ምንም ሳይጠይቁ ሬዲዮናቸውን ይዘው መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ሀይሚ የአባቷ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ሳፋ ትሸጥ ጀመር። አንድ ቀን ከፊት ለፊት ካለው የቅመም ተራ ወይዘሮ ደሪቱ በነጠላቸው ላብ እየጠረጉ ሲመጡ አየቻቸው። በጠርሙስ ወተት ይዘዋል። ሀይሚ ተነሥታ በርጩማ አቀረበችላቸው፤ እግራቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው ከለከሏት።

«ልማልድ አልመጣሁም» አሉ። «ነገርሽን ሁሉ ነግሮኛል። ያን ኮምፒውተሩን ባላውቀውም ገብቶኛል።»

«እማማ፣ እርስዎን ማስቀየሜ…»

«ስሚኝ። መሬታችንን ሊለኩ የመጡ ልጆች ነበሩ። ጨዋዎች ነበሩ፣ አልሰደቡንም። ‹እማማ፣ አካባቢው ያድጋል፣ መንገድ ይገባላችኋል› አሉን። እውነት ነበር፣ መንገድም ገባ። ሲለኩ ግን አንዳቸውም ቀና ብለው እኔን አላዩም። ሁንዴ ያኔ ትንሽ ነው፤ ገመዱን ሲዘረጉ ደስ ብሎት ሲሮጥ ነበር።» ጠርሙሱን እጇ ላይ አስቀመጡላት። «ልጄ ክፉ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ እማማ። እሱ ነው የከበደኝ።»

ወይዘሮ ደሪቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለረጅም ጊዜ ገበያውን እያዩ ተቀመጡ። ከዚያ ሀይሚ እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው። ሲሳፈሩ ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ «ኢንተላ ኮ» ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቅሶ ነበር፣ ድምፅ ግን አልወጣም።

ክረምቱ ሲያልፍ ሀይሚ ገርጂ አንድ ማሠልጠኛ ውስጥ ኮምፒውተር ማስተማር ጀመረች። ተማሪዎቿ ይወዷት ነበር። ቦሌ መድኃኔዓለም በኩል የሚያልፍ ታክሲ ግን አትይዝም፤ ዞራ ትሄዳለች። ፕሮግራሙ በየቦታው እንደሚሠራበት፣ ሁንዴም ትልቅ ድርጅት እንደገባ ሸሪፋ ስልክ በደወለች ቁጥር ትነግራታለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ አባቷን ልታግዝ ሾላ በመጣችበት፣ ሸሪፋ ደወለች። አንዳንድ ወሬ ካወራች በኋላ «ከሌላ ከምትሰሚ ብዬ ነው» አለች። «ሁንዴ አገባ። ባለፈው እሑድ። የጎሮ ልጅ ናት አሉ፣ መምህርት።»

«እሰየው» አለች ሀይሚ። «እሰየው፣ እናቱ ደስ ይላቸዋል።» ከልቧ ነበር ያለችው።

ስልኩን ዘግታ የመጣ ደንበኛ የጠየቀውን ባልዲ አወረደች፣ ዋጋውን ነገረች፣ ክዳኑን ገጥማ ሰጠች። ከዚያ ወደ ሱቁ ጓዳ ገብታ ከተደራረቡት ሳፋዎች ጀርባ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። ቆይቶ ግን መጣ፤ ልትይዘው ብትሞክርም አልያዝ አላት።

አቶ ጉግሳ ከውጭ ሰሙት። አልገቡም። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ጀሪካን እያገላበጡ ስለ ነበር፣ እጃቸውን ወደ መደርደሪያው ሰድደው የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረጉት፤ ሴቶቹ ዞር ብለው ቢያዩዋቸውም ጊዜ ሳይሰጡ አሁንም ጨመሩበት።